አሥራ አምስተኛው ተገንብቶ አሥራ ስድስተኛው ለምን እምቢ አለ?

ጥያቄ፦ ክቡር አዘጋጅ፣ ፖስትግሬስኪውኤል የተባለውን የዳታቤዝ ፕሮግራም 15ኛ ስሪት ኡቡንቱ በተባለው የሊኑክስ ሲስተም ላይ ከምንጭ ኮዱ ያለ ችግር ገንብቼ ነበር። በዚያው ኮምፒውተር ላይ 16ን ስሞክር ግን ለግንባታው የሚያስፈልገው ሁሉ መኖሩን የሚፈትሸው «ኮንፊገር» የተባለው ስክሪፕት የአይሲዩ ላይብረሪ (ፕሮግራሞች የሚጋሩት የኮድ ስብስብ) አልተገኘም ብሎ ይቆማል። ላይብረሪው ግን ተጭኗል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እርስዎም ስክሪፕቱም አልተሳሳታችሁም። አይሲዩ የዩኒኮድ ጽሑፍን በየቋንቋው ደንብ ለመደርደር የሚያገለግል ላይብረሪ ሲሆን፣ እስከ 15 ድረስ በምርጫ የሚታከል ነበር፤ ከ16 ጀምሮ ግን አልፈልግም ካላሉት በቀር የግድ ይፈለጋል። ኡቡንቱ ደግሞ አንዱን ላይብረሪ ለሁለት ከፍሎ ያቀርባል፤ አንደኛው ጥቅል ተገንብተው ያለቁ ፕሮግራሞች ሲሠሩ የሚጠቀሙበት ነው፣ ስሙ በ«ዴቭ» የሚያበቃው ሁለተኛው ኮምፓይለሩ (ምንጭ ኮዱን ወደሚሠራ ፕሮግራም የሚቀይረው) በግንባታ ጊዜ የሚያነባቸውን የሄደር ፋይሎች ይይዛል። እርስዎ ጋ ያለው የመጀመሪያው ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ስለዚህ «ሊብአይሲዩ-ዴቭ»ን፣ እንዲሁም ስክሪፕቱ ላይብረሪውን የሚፈልግበትን «ፒኬጂ-ኮንፊግ»ን ይጫኑና ኮንፊገርን እንደገና ያስኪዱ።

አይሲዩን የሚያስቀረው «ዊዝአውት-አይሲዩ» የሚለው የኮንፊገር አማራጭም ስህተቱን ያጠፋዋል፤ ነገር ግን በአይሲዩ የድርደራ ደንብ የተፈጠረ ዳታቤዝ ካለዎት በዚህ ግንባታ ሊጠቀሙበት ስለማይችሉ፣ እኔ አልመርጠውም።

ስህተቱ ከቀጠለ ኮንፊገር ሥራውን የሚመዘግብበትን «ኮንፊግ ዶት ሎግ» የተባለውን ፋይል ይክፈቱ። ብዙ ሰው መጨረሻውን አይቶ ይዘጋዋል፤ እዚያ ያለው ግን የተለዋዋጮች ዝርዝር ብቻ ነው። የስህተቱን ትክክለኛ ቃል ከዝርዝሩ በላይ፣ «አይሲዩ» የሚለውን ስም በመፈለግ ያገኙታል።