ይጠይቁ፦ ዘጠነኛ ክፍል ለሚገቡ ልጆችና ለወላጆቻቸው

«ልጄ ሚኒስትሪን በጥሩ ውጤት አልፏል። እስከ ስምንተኛ የተማረው በአማርኛ ነው። የዘጠነኛ መጻሕፍት ሁሉ በእንግሊዝኛ መሆናቸውን አይቶ ከአሁኑ ፈርቷል። ማስጠኛ ላስገባው?»
የተማሪ እናት፣ ከዚራ፣ ድሬዳዋ

ማስጠኛውን ለጊዜው ያቆዩት። በመጀመሪያው ሴሚስተር የብዙ ልጆች ውጤት የሚወርደው ትምህርቱ ከአቅማቸው በላይ ሆኖ አይደለም፤ የሚያውቁት ነገር በማያውቁት ስም ስለሚመጣባቸው ነው። ልጅዎ ላዕልና ታህትን አሳምሮ ያውቃል፤ «ኒውመሬተር» እና «ዲኖሚኔተር» ሲባል ግን አዲስ ነገር ይመስለዋል። መጠነ ቁስ «ማስ»፣ ብርሃን አስተፃምሮ ደግሞ «ፎቶሲንተሲስ» ይባላል። በዚያ ላይ አጠቃላይ ሳይንስ የነበረው ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ተብሎ ለሦስት ይከፈላል፤ ማኅበራዊ ጥናትም ታሪክና ጂኦግራፊ ይሆናል፤ ኢኮኖሚክስም ይጨመራል።

አንድ ባለ 50 ቅጠል ደብተር ይግዙለትና ገጹን በሦስት ዓምድ ያስምር። አንደኛው ላይ የእንግሊዝኛውን ቃል፣ ሁለተኛው ላይ የሚያውቀውን አማርኛ፣ ሦስተኛው ላይ ቃሉ የሚገኝበትን ዓረፍተ ነገር ከመጽሐፉ እንዳለ ይጻፍ። ልጆች የሚዘሉት ሦስተኛውን ነው፤ ፈተና ላይ ግን ቃሉ ለብቻው አይመጣም። በቀን 10 ቃል፣ ያውም ከነገው ትምህርት ገጽ፣ ይበቃል። ገጹን በሙሉ ልተርጉም ካለ ይከልክሉት፤ ሁለት ሰዓት ይፈጅበትና በሁለተኛው ሳምንት ይተወዋል። ማታ አንደኛውን ዓምድ በእጁ ሸፍኖ ከአማርኛው ወደ እንግሊዝኛው ይጻፍ፤ የሳተውን ምልክት አድርጎበት ቅዳሜ ይድገመው።

የፈተና ቃላትንም ለይቶ ይያዝ። «ዲፋይን» ትርጉም ስጥ፣ «ሊስት» ዘርዝር፣ «ኤክስፕሌይን» ምክንያቱን አብራራ፣ «ኮምፔር» አነጻጽር ማለት ነው። አብራራ ተብሎ ትርጉም ብቻ የጻፈ ልጅ እያወቀ ነጥብ ያጣል። ምርጫ ላይ «ኖት» እና «ኤክሴፕት» የሚሉትን ባየ ቁጥር ያክብብ፤ እነዚህ ሁለት ቃላት የስንቱን ጎበዝ ተማሪ ውጤት አበላሽተዋል!

የመጀመሪያው ፈተና ተመልሶ ሲሰጠው የሳታቸውን ጥያቄዎች በአማርኛ ይጠይቁት። ከመለሰ ችግሩ ቋንቋ ነውና በደብተሩ ይቀጥል። በአማርኛም ካልመለሰ ያኔ ለዚያ ትምህርት ብቻ አስጠኚ ይፈልጉለት። ይህ ብዙውን ጊዜ ሒሳብ ላይ ይታያል፤ የታችኛው ክፍል ክፍተት እዚያ ላይ አይደበቅምና።

«የከሰዓት ፈረቃ ደረሰኝ። በድሬ ሙቀት መቼ ላጥና?»
የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ፣ ሳቢያን

ንጋት ላይ። በድሬ ከቀኑ ሁሉ ቀዝቃዛው ሰዓት እሱ ስለሆነ ከ11 እስከ 1 ሰዓት ተኩል የሚከብድህን ትምህርት ያዝ። የቤት ሥራውን ቁርስ በልተህ ጨርስ። ቀለል ያለ ምሳ በጊዜ ብላ፤ ጠግቦ በሙቀት ክፍል የገባ ሰው እንቅልፉን አያሸንፍም። አንድ ሊትር ውኃ ይዘህ ሂድ። ማታ ደክመህ ስለምትመለስ ከባድ ጥናት አታስብ፤ የዕለቱን ኖት ለግማሽ ሰዓት ብቻ አንብብና በጊዜ ተኛ።

«ምዝገባ ላይ ምን ልጠንቀቅ?»
የተማሪ አባት፣ ድሬዳዋ

የስምንተኛ ክፍል ካርዱን ዋናውንና ኮፒውን ይያዙ። ከሁሉ በላይ የልጁ፣ የአባትና የአያት ስም በእንግሊዝኛ እንዴት እንደተጻፈ ፊደል በፊደል ይዩ። ዛሬ የተሳሳተ ፊደል ትራንስክሪፕቱ ላይ ይከተለዋል፤ አሥራ ሁለተኛ ላይ ማስተካከል ደግሞ ብዙ ያመላልሳል።

«ጓደኞቼ ካልቃምን አናጠናም ይላሉ። እውነት ይረዳል?»
ተማሪ፣ ጀጎል፣ ሐረር

ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን እንቅልፍ ያባርራል፤ ቅጠሉ ሲጠወልግ ኃይሉ ይቀንሳል፤ ከአወዳይ ጫት እየተከነፈ የሚጫነውም ለዚህ ነው። እንቅልፍ ማባረርና መማር ግን ይለያያሉ። በምርቃና ያነበብከው ሁሉ የገባህ ይመስልሃል። ያነበብነው የሚጸናው ስንተኛ ሆኖ ሳለ ያን ሌሊት እንቅልፍ እንቢ ይልሃል፤ እራትም አያሰኝህም፤ ጠዋት የመጀመሪያው ፔሬድ ላይ ትደበታለህ። የሚጠራጠር ጓደኛ ካለህ በማግስቱ መጽሐፉን ዘግቶ ያነበበውን በአንድ ገጽ ይጻፍ፤ ወረቀቱ ይነግረዋል።

በሐረር በርጫ የትልልቆች ወግም ስለሆነ እንቢ ማለት እንደሚከብድህ እናውቃለን። ስለዚህ ከጓደኞችህ ጋር አትጣላ፤ ሰዓቱንና ቦታውን ለውጥ። ቅዳሜ ጠዋት ከ2 እስከ 5 ሰዓት፣ በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ወይም ባዶ ክፍል፣ ሦስት ሆናችሁ ተገናኙ። አንዱ ሰሌዳ ላይ ሲያስረዳ ሁለቱ ይጠይቁ፤ በየ40 ደቂቃው ተቀያየሩ። ከሦስት ከበለጣችሁ ወሬ ይበዛል።