ሰኔ ሲገባ፦ ጣና ላይ መረብ ለምትጥሉ ወጣቶች

ልጆቼ፣ የሰኔ ዝናብ ወደ ጣና የሚገቡትን ጉማራንና ርብን ማደፍረስ ሲጀምር ልባችሁ ወደ ወንዙ አፍ እንደሚሸፍት አውቃለሁ። የእኔም ይሸፍት ነበር። በጋውን በሐይቁ ተበታትኖ የከረመው ነጭ ዓሣ እንቁላሉን ለመጣል ወደ ወንዞቹ ይጠጋል፤ ድፍርሱ ውሃ ከሐይቁ ውሃ በሚገናኝበት ስፍራ ይታጨቃል። ያን ጊዜ መረብ የሚጥል ሰው ብልሃት አያስፈልገውም። ደለሉ መረቡን ይሸፍንለታል፣ ዓሣውም ራሱ እየመጣ ይገባለታል።

ሥራውን የጀመርኩት የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ጣና ከገቡ ብዙም ሳይቆይ ነበር። ክረምት በመጣ ቁጥር ከወንዝ አፍ አልጠፋም ነበር። አንድ ንጋት ያነሳሁት መረብ ግን እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። አንዷን ነጭ ዓሣ ከመረቡ ዓይን ሳላቅቅ ሆዷን ጫን አልኩት፤ ከጤፍ የሚተልቅ፣ ከማሽላ የሚያንስ ቢጫ እንቁላል በጣቶቼ መካከል ፈሰሰ። ቀጥሎ የነበረችውም እንዲሁ፣ ከእርሷ ቀጥሎም እንዲሁ። ጀልባው ወለል ላይ የተንጣለለውን እንቁላል በውሃ አጥቤ ወደ ሐይቁ ደፋሁት። ዓሣዎቹን ሸጥኩ፤ ጥሩ ገንዘብም አገኘሁ። ዓመታት አልፈው በዚያው ወር፣ በዚያው ስፍራ ያደረ መረብ ሳነሳ ጭቃና ሁለት አምባዛ ብቻ ወጡልኝ።

ነገሩ የእኔ ብቻ አልነበረም። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ በደቡባዊው የሐይቁ ክፍል ባደረጉት ክትትል፣ ወደ ወንዝ የሚወጡት ነጭ ዓሣዎች በሦስት አራተኛ ያህል ቀንሰው አግኝተዋቸዋል። ጣና ውስጥ ነጭ ዓሣ የምንለው 15 ያህል ዝርያዎችን ነው፤ አብዛኞቹም በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የሉም። ብዙዎቹ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ወንዙን ሽቅብ ወጥተው፣ ውሃው ጠርቶ በሚፈስባቸው ትናንሽ ገባሮች ጠጠር ላይ ይራባሉ። ዓሣው ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው፤ ለመራባት እስኪደርስ ዓመታት ይፈጅበታል። ወንዙ አፍ ላይ የተያዘችው እናት ገና መንገድ ላይ ናት፤ አንድም እንቁላል አልጣለችም። ወንዙ ላይ ዓሣ የሚመርዘውን የብርብራ ፍሬ ወቅጦ የሚረጭማ ትልቁንም ትንሹንም አብሮ ይጨርሳል።

እንግዲያስ በክረምት መግቢያ ምን እንሥራ ትሉኛላችሁ። ከወንዙ አፍ ርቃችሁ ወደ ሰፊው ሐይቅ ውጡ፤ ሰፊ ዓይን ባለው መረብ ቆሮሶ (ቲላፒያ) ያዙ። ከደንገሉ ሥር፣ ጥልቀት ከሌለው ዳር ግን አትጣሉ። ሴቷ ቆሮሶ እንቁላሏንም ጫጩቶቿንም አፏ ውስጥ ይዛ የምትጠብቀው እዚያ ነው። መረብ ስታነሱ ጉንጯ ያበጠ፣ አፏን አጥብቃ የዘጋች ካገኛችሁ ከውሃው ሳታወጧት ፍቱና ልቀቋት፤ ከደነገጠች የያዘችውን ሁሉ ትተፋዋለች። ለአምባዛ መንጠቆ ይበቃል። ዝናቡ ሲበረታ እርሱም ለመራባት በሌሊት ወደ ፎገራ ሜዳ ጎርፍ ይወጣል፤ እዚያ አትከተሉት።

ነፋሱን ፍሩ። ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ ጥልቅ የሚባለው ስፍራ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ሆኖ በድንገት ይነሳል፤ ጀልባ ይገለብጣል፣ መረብ ከጭቃ ጋር ይጠቀልላል። ከሰዓት በኋላ ደመናው ከከበደ ያን ማታ መረቡ ይቅር። በተለይ በታንኳ የምትወጡት አደራ፤ በማዕበል ላይ ታንኳ ማዞር የሚችል ሰው ብዙ አላየሁም።

የጣላችሁትን መረብ ደግሞ ፀሐይ ሳይጠነክር አንሱት። ወንዙ አፍ ከየት እንደሚጀምር ለመለየት ድፍርሱ ውሃ ያሰመረውን መስመር ተመልከቱ፤ ከእያንዳንዱ ከባድ ዝናብ በኋላ ወደ ሐይቁ ይገፋልና የትናንቱ ምልክት ለዛሬ አያገለግልም። ንጋት ላይ ደርሳችሁ መስመሩ መረባችሁን አልፎት ካያችሁ፣ ዓሣው ቢበዛም ነቅላችሁ ወደ ጠራው ውሃ ፈቀቅ አድርጉት።