ዕዳውን ልክፈልለት ወይ?

«የ17 ዓመት ልጄ የኳስ ቤቲንግ ውስጥ ገብቷል። ቴሌብሬ ላይ የነበረውን የዕቁብ ገንዘብ አውጥቶ ጨረሰው። ለጓደኞቹም ዕዳ አለበት። አባቱ ‹ሌባ ከቤቴ ይውጣ› ይላል። ዕዳውን ከፍዬ ልገላገል?» (እናት፣ ከአዲስ አበባ)

እህቴ፣ በቅድሚያ አባቱን ያረጋጉልኝ። ልጁ ከቤት ቢወጣ የሚያድረው አብረውት ከሚቆምሩት ጋር ነው፣ ሌላ የት ይሄዳል? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ የቁማርም የጌምም ሱስ አሉበት። ይህን ለአባቱ ይንገሩት። መስረቁን ግን አንክድም፣ ሰርቋል።

ብዙ ወላጅ ልጁን የያዘው ያሸነፈበት ቀን ይመስለዋል። ለጥቂት ያመለጠው ቀን ይብሳል። ስምንት ጨዋታ ባንድ ትኬት ይቆርጣል፣ ሰባቱ ይገቡለታል፣ ስምንተኛው በ90ኛው ደቂቃ በገባች ጎል ይበላሽበታል፤ እኛ ተበላ እንላለን፣ እሱ ግን «ደርሼ ነበርኮ!» እያለ ሌሊቱን ቀጣዩን ትኬት ሲያሰላ ያድራል። እስቲ ወረቀት ይዛችሁ አብራችሁ አስሉት። የእያንዳንዱ ጨዋታ ዕድል ግማሽ በግማሽ ቢሆን እንኳ ስምንቱም የሚገቡት ከ256 አንዴ ነው። በዚያ ላይ ስሜትን የሚገታው የአንጎል ክፍል እስከ 20ዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ድረስ ገና እየበሰለ ነው። ትልቅ ሰው እንኳ የማይችለውን «ተው» ስላሉት ብቻ አይተወውም።

ወደ ዕዳው ልምጣ። ይከፈል፣ ግን በእጁ ብር አይስጡት። እጁ የገባ ብር «የተበላሁትን ላስመልስ» ወደሚለው ነው የሚሄደው። ለማን ስንት እንዳለበት ይጻፍ፣ ለየአበዳሪው እርስዎ ራስዎ ይክፈሉ፣ እሱም ከኪስ ገንዘቡ ትንሽ ትንሽ እያለ ይመልስልዎት። ዝም ብለው ከከፈሉለት በወሩ ሌላ ዕዳ ይመጣል። የቴሌብር ፒንዎን ዛሬውኑ ይቀይሩ። ስልኩን መንጠቅ ብቻውን አይጠቅምም፣ የጓደኛው ስልክ አለ። ከባዱ ሰዓት ቅዳሜና እሁድ ከሰዓት፣ ፕሪሚየር ሊግ ሲኖር ነው። በዚያ ሰዓት አባቱ ይዞት ይውጣ፤ ገበያም ይሁን ዘመድ ጥየቃ፣ ብቻ ከስልክ ይራቅ። ቁጣው ለዚህ ቢውል ይሻላል።

እንቅልፍ ካጣ፣ ትምህርቱን ከተወ፣ ወይ «ብሞት ይሻለኛል» የምትል ቃል ከወጣችው ግን የኔን ምክር እዚያው ይተዉትና በዚያው ቀን ወደ አማኑኤል ሆስፒታል ወይም ቅርብዎ ወዳለ የአእምሮ ሕክምና ይውሰዱት።