ሰማዬን ማን አበላሸብኝ?

ጥያቄ፦ በውሃ ቀለም ሰማይ ስስል መጀመሪያ ቆንጆ ይሆንና ትንሽ ላስተካክል ስል መሃሉ ላይ አበባ ጎመን የመሰለ ነገር ይወጣብኛል፣ ሲደርቅ ደግሞ ይደበዝዛል፣ ምን አጥፍቼ ነው? (ጀማሪው)

መልስ፦ እጅህን ሰብስባ ወንድሜ! ወረቀቱ ግማሽ በደረቀበት ሰዓት ብዙ ውሃ የያዘ ብሩሽ ስታስነካው ውሃው ቀለሙን ወደ ዳር እየገፋ ነው ያንን ቅርጽ የሚሰራው፣ እኔም ስንቱን አበላሽቼበታለሁ። ወረቀቱን በጎን ዝቅ ብለህ እየው፣ የሚያብለጨልጭ ከሆነ ቀለም ጨምር፣ ብልጭታው ጠፍቶ ስትነካው ገና ቀዝቀዝ የሚል ከሆነ ግን ብሩሹን አስቀምጠህ ሂድ። መደብዘዙ የውሃ ቀለም ጠባይ ነው፣ ከምትፈልገው ትንሽ አድምቀህ ጀምር። ወረቀትህ ስስ ከሆነም ይጨማደዳል፣ በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝን ወፍራም የጥጥ ወረቀት ሞክር (ውድ ነው፣ አውቃለሁ)። ነጩን ደመና ደግሞ በነጭ ቀለም አትፈልገው፣ ወረቀቱን ሳትነካ ተወው በቃ።