የጎረቤት ባሕር ዛፍ ጣራዬ ላይ ቢወድቅ ኢንሹራንስ ይከፍላል?

እህቴ፣ ለገጣፎ ቤትሽ ላይ ያዘነበለው የጎረቤት ባሕር ዛፍ ቢወድቅ ኢንሹራንሱ ይከፍል እንደሆነ ጠይቀሻል። መልሱን የሚወስነው የዛፉ ባለቤት ሳይሆን ዛፉን የጣለው ነገር ነው። ውልሽን አውጪና እይው። እኛ አገር የተለመደው የቤት ሽፋን የእሳትና መብረቅ ነው። አውሎ ነፋስ በተጨማሪ አረቦን (አንቺ ለኢንሹራንሱ የምትከፍይው ገንዘብ) ካልተካተተ፣ ነፋስ ለጣለው ዛፍ ክፍያ አትጠብቂ።

እኔ ሱሉልታ ደርሶብኛል። ነሐሴ ላይ፣ ሌሊት፣ ወፍራም ቅርንጫፍ ወርዶ ሁለት ቆርቆሮ ቀደደ፤ አሸንዳውን ገነጠለ። ጠዋት ስነሳ የሳሎኑ ኮርኒስ ውኃ ቋጥሮ ሆዱ ተነፍቶ ነበር። ውሉን ሳገላብጠው «ነፋስ» የሚል ቃል የለበትም። ሁሉንም ከኪሴ ከፈልኩ። እስካሁን ይቆጨኛል፤ ቀድሜ ባነበው ኖሮ!

ሽፋኑ ቢኖርሽም ግንዱ መበስበሱን እያየሽ ዝም ካልሽ፣ ኢንሹራንሶቹ ቸል ብለሻል ብለው ሊከራከሩሽ ይችላሉ። ስለዚህ ዛሬውኑ ፎቶ አንሺው። ለጎረቤትሽ መጀመሪያ ቡና ላይ ንገሪያቸው። እምቢ ካሉ በጽሑፍ አድርጊው፤ ቅጂውን ያዢ። ኢንሹራንሱ ለአንቺ ከከፈለ በኋላ፣ ጥፋቱ የባለቤቱ ከሆነ ያወጣውን ከእሳቸው ሊጠይቅ ይችላል። ይህን ብታስረጃቸው ቶሎ የሚያስቆርጡት ይመስለኛል፤ ጉርብትናችሁም አይበላሽም።

የመብራት ሽቦ አጠገቡ ካለ ግን ማንም መጥረቢያ ይዞ እንዳይወጣ። መጀመሪያ ለመብራት ኃይል ይነገር።