ጎን አርፎ ሐሳብ አላርፍ ሲል

ውድ ልጆቼ፣

በደሴ በነርስነት በሠራሁባቸው ረጅም ዓመታት አብዛኛውን ጊዜ የሌሊት ተረኛ ነበርኩ። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ ሰውን ሁሉ በጊዜ ወደ መኝታው የሚሰድድ ቢሆንም፣ ብርድ ልብስ ተከናንበው ዓይናቸውን ሳይከድኑ የሚያነጉ ወጣቶችን ብዙ አይቻለሁ፤ ፈተና የደረሰባቸው ተማሪዎችም ሆኑ ከኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ፈረቃ ጨርሰው የሚመጡ ሠራተኞች «ጎኔ ቢያርፍም ሐሳቤ አላርፍ አለኝ» ይሉኝ ነበር።

አንድ ሌሊት፣ ከአምባሰል በኩል የመጡ አንዲት አሮጊት ታካሚ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ ግራና ቀኝ ቀስ እያሉ እየተወዛወዙ፣ ቃል የሌለው እንጉርጉሮ ያሰሙ ነበር። ዝም እንዲሉ ልነግራቸው ስጠጋ፣ ከጎናቸው የተኛችውና ሦስት ሌሊት ያላሸለበችው ልጅ አተነፋፈሷ ከእሳቸው ጋር ገጥሞ ዓይኗ ሲከደን አየሁና ተመለስኩ። እናቶቻችን አዝለውን «እሹሩሩ» ሲሉ የሚያደርጉት ይህንኑ እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

እናንተም በግድ ፀጥ ለማለት አትታገሉ። መብራቱን አጥፍታችሁ፣ ስልኩን አርቃችሁ በጀርባችሁ ተጋደሙ፤ መንጋጋችሁን አላልታችሁ በአፍንጫችሁ አየር አስገቡ፣ ስታስወጡም ከንፈራችሁን ገጥማችሁ የመጣው ድምፅ ይውጣ። ዜማ አትምረጡለት፤ ቢያዛጋችሁ አዛጉ፣ «እፎይ» ማለት ቢያሰኛችሁ በሉ። ከእኅትና ከወንድም ጋር አንድ ክፍል የምትተኙም አትሳቀቁ፣ ደረታችሁ ውስጥ ብቻ የሚሰማ ድምፅ ይበቃል። ቀጥሎ ትከሻ መነቅነቅ፣ እግር መንጠራራት፣ ራስ ወዲያና ወዲህ ማለት ቢፈልግ ለሰውነታችሁ ፍቀዱለት። ዐሥር ደቂቃ ያህል ከቆያችሁ በኋላ እንቅስቃሴውን እያሳነሳችሁ፣ ድምፁንም እያለዘባችሁ ወደ ተራ ትንፋሽ ተመለሱ።

የሚያንጎራጉር ሰው አየር የሚያስወጣው ሳይታወቀው በዝግታ ነው፤ አየር በዝግታ ሲወጣ ደግሞ የልብ ምት ይረጋጋል። መወዛወዙንም በተመለከተ፣ በስዊዘርላንድ ተሠርቶ በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት 18 ጤነኛ ወጣቶች ቀስ ብሎ በሚወዛወዝ አልጋ ላይ ሲተኙ እንቅልፍ ቶሎ እንደወሰዳቸው አሳይቷል። አልጋው በሞተር የሚንቀሳቀስ ስለነበር የእኛን ልማድ በቀጥታ አያረጋግጥም፤ እኔ ግን አሮጊቷን አስታውሼ ደስ ብሎኛል።

ቡናውን ግን በጊዜ አቁሙ፤ ከምሽቱ 12 ሰዓት ከጠጣችሁት ካፌይን ግማሽ ያህሉ 5 ሰዓት ላይም ከሰውነታችሁ ላይወጣ ይችላል።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ከተሞቻችን በገባበት ጊዜ ያያችሁት ነገር ዓይናችሁን ስትከድኑ የሚመጣባችሁ ካላችሁ፣ ይህን ጨለማ ውስጥ ተኝታችሁ አትጀምሩት። መብራት አብርታችሁ፣ ተቀምጣችሁ፣ ዓይናችሁን ከፍታችሁ፣ የምታምኑት ሰው አጠገባችሁ ሆኖ ሞክሩት፤ ልብ ካስጨነቃችሁም ወዲያው አቁሙ። በሳምንት ሦስት ሌሊትና ከዚያ በላይ እንቅልፍ እያጣችሁ ሦስት ወር ከደፈናችሁ ደግሞ እንጉርጉሮው ብቻውን አይበቃምና ወደ ጤና ባለሙያ ሂዱ፤ ስትሄዱም የምትተኙበትንና የምትነቁበትን ሰዓት ጽፋችሁ ያዙ።