አሮጌውን ቤተ ክርስቲያን አፍርሰን አዲስ ብንሠራ ኃጢአት ይሆንብናል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው አሜሪካ ነው። የትውልድ መንደሬ ቤተ ክርስቲያን ከቅድመ አያቶቻችን የቆየ ክብ የጭቃ ቤት ነው። ጣሪያው ያፈስሳል፣ ሥዕሎቹም ደብዝዘዋል። ኮሚቴው «አፍርሰን ትልቅ የብሎኬት ሕንፃ እናቆማለን» ብሎ ገንዘብ እየጠየቀን ነው። ሽማግሌዎቹ ግን አልተስማሙም። ለእግዚአብሔር የተሻለ ቤት መሥራት ምን ክፋት አለው? ገንዘቡንስ ልስጥ ወይስ ልተወው? (ወለተ ማርያም)

መልስ፦ እኅቴ ወለተ ማርያም፣ ባሕር ማዶ ሆነሽ የተጠመቅሽበትን ደብር ስላልረሳሽ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

አዲስ ቤተ ክርስቲያን መሥራት ኃጢአት አይደለም። ምእመናን ሲበዙ ግድ ይላል። ሊጠገን የሚችለውን ማፍረስ ግን ሌላ ነገር ነው፤ እኔ አልደግፈውም።

ቤተ ክርስቲያን ተሠርቶ ሲባረክ ጳጳሱ ቅብዐ ሜሮን ይቀባዋል። አንቺም በሰማንያ ቀንሽ ስትጠመቂ በዚያው ሜሮን ታትመሻል። ስለዚህ ያ ግድግዳ ተራ ጭቃ አይደለም፤ ለእግዚአብሔር የተለየ ነው። «እግዚአብሔር የሚያየው ልብን ነው፣ ግድግዳ ምን ያደርግለታል?» የሚሉ አሉ። ልብን ማየቱ እውነት ነው። ነገር ግን የምናመልከው ሥጋ የለበሰ አምላክ ነው። በውኃ ያጠምቀናል፣ በዘይት ያትመናል፣ በኅብስትና በወይን ራሱን ይሰጠናል። እርሱ ያልናቀውን እኛ ለምን እንንቃለን?

መጽሐፈ ነገሥት ካልዕን ምዕራፍ 12 አንብቢው። በንጉሡ በኢዮአስ ዘመን ቤተ መቅደሱ ተናድቶ ነበር። ገንዘብ ይሰበሰባል፣ ሥራው ግን ዓመታት አልፈውም አልተነካም። ያኔ ካህኑ ዮዳሄ ሣጥን አመጣ፣ መክደኛውን ነድሎ በመሠዊያው አጠገብ አኖረው። በዚያ የተጠራቀመው ለአናጢና ለድንጋይ ጠራቢ ተከፈለ። ቤቱን ጠገኑት እንጂ አላፈረሱትም። በኢዮስያስም ዘመን እንዲሁ ሆነ። ካህኑ ኬልቅያስ የሕጉን መጽሐፍ ያገኘው ቤቱ ሲጠገን ነው። በአሮጌ ቤት ውስጥ ምን እንዳለ ቀድሞ የሚያውቅ የለም።

«ደብዝዘዋል» ያልሻቸውን ሥዕሎች ደግሞ ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። በብዙ አሮጌ አብያተ ክርስቲያናት ከእመቤታችን ሥዕል ግርጌ አንድ ትንሽ ሰው ተደፍቶ ታያለሽ። አጠገቡ በግእዝ «ተማኅፀነ»፣ ማለትም «ተማፀነ»፣ ተብሎ ስሙ ተጽፏል። ሥዕሉን ያሠራው ሰው ነው። ከሞተ ስንት ዘመን ሆኖታል፣ ልመናው ግን አሁንም እዚያው አለ። የሚያልፍ ካህን ስሙን ያነብባል፣ «ነፍስ ይማር» ይላል። ግድግዳው በዶማ ሲናድ ያ ልመና አብሮ ይናዳል። «እናድሰው» ብሎ በዘይት ቀለም መደረብም ያው ማጥፋት ነው። ይሄን ባሰብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል።

ጥገናም ቢሆን በቅን ልብ ብቻ አይሆንም። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ውኃ እንዳይገባባቸው ተብሎ ሬንጅ ተቀብተው ነበር። ለበጎ ነበር። ግን ድንጋዩ እርጥበቱን ማውጫ አጣ። በ1960ዎቹ የመጡ ጠጋኞች ያንን ልባስ መልሰው ማንሣት ነበረባቸው። በጭቃ ግድግዳ ላይ ሲሚንቶ መለሰን እንደዚሁ ነው፤ ከውጭ ያምራል፣ ውስጡ ግን ይበሰብሳል። ጭቃ የሚወደው ጭቃና ጭድ ነው። ከሁሉ በፊት ደግሞ ጣሪያው! ውኃ ከላይ ከገባ ግድግዳውም ሥዕሉም አይተርፍም። ሥዕሉን ባለሙያ ብቻ ይንካው፤ በእርጥብ ጨርቅ መወልወል እንኳ ቀለሙን ያነሣዋል። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት የቅርስ ጥገና የመንግሥትን ፈቃድ ይፈልጋል። የሊቀ ጳጳሱ ፈቃድና ቡራኬማ የግድ ነው።

አሁን ደግሞ ያልጠየቅሽኝን ልንገርሽ። ደብሩ መሪጌታ አለው? የአብነት ተማሪዎችስ አሉ? ድጓው፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያናችን የዜማ መጽሐፍ፣ በብራና ላይ የዜማ ምልክት አለው። ምልክቱን በትክክል የሚያዜመው ግን ከመምህሩ አፍ የተቀበለ ብቻ ነው። ለዚህ ነው ተማሪ ለድጓ ጋይንት ቤተልሔም፣ ለዝማሬ መዋሥእት (ለቍርባንና ለሙታን ጸሎት ዜማ) ዙር አባ፣ ለአቋቋም (በከበሮና በጸናጽል ለሚቀርበው ዜማ) ጎንደር በአታ ድረስ በእግሩ ሲሄድ የኖረው። ቁራሽ እየለመነ፣ ጎጆ ቀልሶ ተምሯል። መምህሩ ደመወዝ አጥቶ ከተማ ከገባ ተማሪዎቹን ማን ያስጠናል? ጥምቀታችን በ2019 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ መዝገብ ገብቷል፤ ደስ ብሎናል። ምዝገባው ብቻውን ግን በመንደርሽ ማኅሌት አያስቆምም። ብዙ ደብሮች ትልቅ ሕንፃ አቁመው ከበሮና ጸናጽል የሚያነሣ ሰው አጥተዋል።

ገንዘቡን አትተዪው፣ ስጪ። ግን የምትሰጪበትን ጉዳይ ለይተሽ ጻፊ። አሮጌው ይጠገን፤ ቦታው ከጠበበ አዲሱ በሀገረ ስብከቱ ፈቃድ በሌላ ስፍራ ይሠራ፤ ለግንባታ ተብሎም የግቢው ጽድና ወይራ አይቆረጥ። ከማኅበራችሁ መዋጮ ላይ የተወሰነው በየወሩ ለመሪጌታውና ለተማሪዎቹ ቀለብ ይሁን። እንዲህ ያለ ልገሳ ፎቶ ላይ አይታይም፣ ስለዚህ ሰጪ ያጣል። ሽማግሌዎቹንም አስጠይቂያቸው። ሁለተኛው ቤተ መቅደስ ሲመሠረት የመጀመሪያውን ያዩ ሽማግሌዎች በታላቅ ድምፅ እንዳለቀሱ መጽሐፈ ዕዝራ ይናገራል። የእነርሱን ሐሳብ ኮሚቴው እንደ ግትርነት አይቁጠረው።

አንድ ነገር ግን አጥብቀሽ ያዢ። ጥገናው ሲጀመር መጻሕፍቱና ንዋያተ ቅድሳቱ ከዕቃ ቤት መውጣታቸው አይቀርም። ያኔ በካህናቱና በሽማግሌዎቹ ፊት ተቆጥረው፣ ፎቶ ተነሥተው፣ ተፈርሞባቸው ይውጡ። ሲመለሱም በዚያው ዝርዝር ይመለሱ። ብራና የሚጠፋው በግርግር መሐል ነው። ኮሚቴው ይሄን እንደሚያደርግ በጽሑፍ ሳያረጋግጥልሽ ገንዘቡን አትላኪ።